ቆለጡን የተመታ ልጅ ሲመጣ፦ በእጅ ምርመራ፣ በአልጋ ዳር አልትራሳውንድ፣ በራዲዮሎጂ ወይስ ቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን?

ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጇን ክንዱን ይዛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ታስገባዋለች። ልጁ እግሩን ከፈት አድርጎ ቀስ እያለ ይራመዳል። «ሆዱን ነው ያመመው ዶክተር፤ ሁለቴ አስመለሰው» ትላለች። ልጁ ወለል ወለሉን ያያል። እናትየው ካርድ ልታወጣ ስትወጣ ጠብቆ በለሆሳስ «ኳስ መታኝ... እዚህ ጋ» ይላል። መቼ? «10 ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤት እንደወጣን።»

እንዲህ ያለ ልጅ መጀመሪያ የገጠመኝ ገና አዲስ ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ ነበር። የቆለጡ ከረጢት አብጦ ቀላ ብሏል፤ «መመታት ነው» ብዬ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ፣ በረዶ ያዙለት ብዬ ወደ ቤቱ ላክሁት። በማግስቱ ቀትር ላይ ተመልሶ መጣ። ሲከፈት ቆለጡ ጠቁሮ ነበር፤ መውጣት ነበረበት። ቆለጡን የገደለው ኳሱ አልነበረም፤ ቆለጡ የተንጠለጠለበትና ደም የሚያገኝበት ገመድ ተጠምዝዞ ነበር። የመመታቱ ወሬ ዓይኔን ሸፈነብኝ። ያንን ልጅ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ሌላ ተረኛ ሐኪም በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ጽሑፉ በመጀመሪያ ደረጃና በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ተረኛ ለሆናችሁ ባልደረቦቼ ነው፤ ወላጆችን የሚመለከተውን ወደ መጨረሻው አስቀምጬዋለሁ። በሕክምና ጽሑፍ «የዘር ፍሬ» እንላለን፤ ልጁም እናቱም የሚያውቁት ግን «ቆለጥ» የሚለውን ስለሆነ እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

የምርመራ ዓይነት ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ቁጥር ያስፈልጋችኋል፤ ሕመሙ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነ? የተጠመዘዘ ቆለጥ በ6 ሰዓት ውስጥ ከተፈታ ከ10 ልጆች በ9ኙ ወይም ከዚያ በላይ ይተርፋል። 12 ሰዓት ሲሞላ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። 24 ሰዓት ካለፈ ከ10 አንዱ መትረፉም ያጠራጥራል። ከላይ ላየነው ልጅ ስድስተኛው ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በብዙ ቦታ ራዲዮሎጂ ክፍሉ 11 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ምርጫችን ሁሉ የሚሠራው በቀሩት ሁለት ሰዓቶች ውስጥ ነው።

ሌላው ጉዳት ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። ቆለጡ ራሱ ከፈነዳ፣ ማለትም የሸፈነው ጠንካራ ነጭ ሽፋን ተቀድዶ ውስጡ ከወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ከተሰፋ ከ80 እስከ 90 በመቶው ይድናል፤ ሲዘገይ ወይም በመድኃኒት ብቻ ሲጠበቅ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ያ ሽፋን ቀላል አይደለም፤ ለመቀደድ ወደ 50 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉልበት ይፈልጋል ይባላል። ስለዚህ ከቅርብ ርቀት የተመታ ኳስ፣ የብስክሌት ብረት፣ የበቅሎ ርግጫ ሲነገራችሁ በቁም ነገር ያዙት። በገጠር ልጅ ከዛፍ ሲወርድ ቅርንጫፍ ላይ ይወድቃል፤ በታኅሣሥ ማብቂያ የገና ጨዋታ ሲደምቅም ሩሯም ሆነች ዱላው ስቶ ጭን መካከል ይገባል። ልጁም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ስላደገ ሕመሙን ውጦ ይቀመጣል።

መመታትና መጠምዘዝ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ከመጠምዘዝ ታሪኮች ውስጥ ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚሆኑት ከመመታት ጋር የተያያዙ ናቸው። ተራ ምት ልጁን አንበርክኮት ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ሕመም ግን «መመታት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እጅና ጥያቄ ብቻውን

ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ በየትኛውም ጤና ጣቢያ አለ። ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ መደረግ ያለበትም እሱ ነው። ሱሪውን አስወልቃችሁ እዩ። «ሆዴን» ያለ ወንድ ልጅ ቆለጡ ካልታየ አልተመረመረም። ቆለጡ ከወትሮው ከፍ ብሎና አግድም ተኝቶ እንደሆነ፣ ጠጥሮ እንደሆነ፣ ደግሞም የጭኑን ውስጠኛ ቆዳ በጣት ጫር ስታደርጉ ቆለጡ ወደ ላይ ሳብ ይል እንደሆነ ተመልከቱ። ይህ መሳብ ሲጠፋ መጠምዘዝን ያስጠረጥራል፤ ሆኖም በሕፃናት ላይ፣ በተለይ ከ2 ዓመት በታች፣ የሚታመን ምልክት አይደለም።

ምልክቶቹን ወደ ቁጥር የሚቀይር ትዊስት የሚባል ነጥብ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። እብጠት 2፣ የቆለጥ መጠጠር 2፣ የመሳቡ መጥፋት 1፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ 1፣ ከፍ ብሎ መቀመጥ 1፤ ድምሩ 7 ነው። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ከፍተኛ ነው፣ 3 እና 4 መካከለኛ፣ እስከ 2 ዝቅተኛ። እወደዋለሁ፤ በስልክ ለቀዶ ሐኪም ለመንገር ይመቻል። ግን ለተመታ ልጅ የተሠራ አይደለም። የተመታ ቆለጥ መጠምዘዝ ሳይኖርበትም ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ልጁም ያስመልሳል፤ ስለዚህ ነጥቡ ከፍ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ዝቅ ብሎም መፈንዳትን አያስቀርም፤ መፈንዳትን ሊለካ አልተሠራምና።

የእጅ ትልቁ ድክመት በተመታ ልጅ ላይ ነው። ከረጢቱ በደም ተሞልቶ እንደ ብርቱካን ሲወጠር ቆለጡ የት እንዳለ በእጅ ማወቅ አይቻልም። ልጁም አያስነካም። አልትራሳውንድ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው።

የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ

ልጁን እያከመ ያለው ሐኪም ራሱ ማሽኑን አልጋው አጠገብ አምጥቶ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ የሚመልስበት ምርመራ ነው። ደም ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ነጩ ሽፋን ሙሉ ነው ወይስ ተቆርጧል? ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

አቋሜን ልናገር፦ የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ «ችግር አለ» ሲላችሁ ወዲያው እመኑትና ተንቀሳቀሱ፤ «ችግር የለም» ሲላችሁ ግን ልጁን ወደ ቤት ለመላክ ብቻውን ምክንያት አታድርጉት። ጥቅሙ የምትዘገዩትን ማፋጠኑ ነው። ለማረጋጊያ ከተጠቀማችሁበት ቆለጥ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ 36 ታካሚዎችን ያየ ጥናት የድንገተኛ ሐኪሞች በአልጋ ዳር ያዩትን ከማረጋገጫው ምርመራ ጋር አነጻጽሮ ችግሩን የመያዝ አቅሙን 95 በመቶ፣ ደህናውን የመለየት አቅሙን 94 በመቶ አድርጎ አግኝቷል። መልካም ውጤት ነው፤ ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ማሽኑን የያዙትም የለመዱት ሐኪሞች ነበሩ። በወር አንዴ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚደረገውን የማሽኑን ክፍል) የሚይዝ ተረኛ ያንን ቁጥር የራሱ አድርጎ ሊወስደው አይገባም።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የሚሳሳተው አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ስጡት። ማስታገሻ ምርመራውን ያበላሻል የሚለው የድሮ ፍርሃት ልክ አይደለም፤ የሚንፈራገጥ ልጅ ነው የሚያበላሸው። መጋረጃ ዝጉ፤ ልጁ እናቱ እንድትቆይ ወይም እንድትወጣ የሚፈልገውን ጠይቁት። «ጎበዝ፣ ፎቶ ማንሻ ነው፤ መርፌ የለውም» በሉት። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከከረጢቱ ሥር አድርጉ፣ ብልቱን በሌላ ጨርቅ ወደ ሆዱ አስተኙ። ጄሉን በእጃችሁ መዳፍ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጄል ከረጢቱን አጨማዶ ቆለጡን ወደ ላይ ይሰደዋል። ፕሮቡን አትጫኑ፤ መጫን ራሱ ቀጭኑን የደም ፍሰት ያቆመዋል።

ሁልጊዜ ከደህናው ቆለጥ ጀምሩ። ይህን በሙሉ ልቤ እለምናችኋለሁ። ደህናው ቆለጥ ለዚያ ልጅ ልኬታችሁ ነው። በጥቁርና ነጩ ምስል አንድ ወጥ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ እንደ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ይታያል፤ ዳር ዳሩን ቀጭን ነጭ መስመር ይዞረዋል። በመሃሉ ወፈር ያለ ነጭ ሰረዝ ብታዩ አትደንግጡ፤ የተፈጥሮ መዋቅር ነው። ከዚያ የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን ዶፕለር ክፈቱ። የፍጥነት መለኪያውን ዝቅ አድርጉ፣ ማጣሪያውን ዝቅ አድርጉ፣ የቀለሙን ጉልበት ምስሉ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ መልሱት። በደህናው ላይ ቀለም እስኪታይ ድረስ አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሳትነኩ ወደታመመው ሂዱ። መጨረሻም ፕሮቡን በአግድም መሃል ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ቆለጦች በአንድ ምስል ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱ ቀለም ይዞ ሌላው ጭው ብሎ ከታየ ያንን ምስል አስቀምጡት፣ ለቀዶ ሐኪሙም በስልክ ላኩለት።

ቆለጡን ብቻ አይታችሁ አትቁሙ፤ ገመዱን ከብሽሽት ጀምራችሁ ወደ ታች ተከተሉት። የተጠመዘዘ ገመድ አንድ ቦታ ላይ ቋጠሮ ይሠራል፤ ፕሮቡን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱ እንደ ውኃ አዙሪት ሲዞር ይታያል። ቆለጡ ውስጥ ቀለም እያለ አዙሪት ካያችሁ አዙሪቱን እመኑ።

ወጥመዶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ የተጠመዘዘ ገመድ ነው። ደም መልሱ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይዘጋል፤ ደም ቅዳው ግን ገና እየገፋ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀለም ይታያል፣ ተረኛው «ፍሰት አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ቆለጡ ግን እየታፈነ ነው። ከደህናው ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ፍሰት ለእኔ «የለም» ከማለት አይለይም። ሁለተኛው ተጠምዝዞ በራሱ የተፈታው ነው፤ ደሙ ሲመለስ ከወትሮው በዝቶ ይመጣል፣ ምስሉም የኤፒዲዲሚስ (ከቆለጡ ጀርባ ያለው የዘር ቱቦ) ኢንፌክሽን ይመስላል። ሕመሙ ድንገት መጥቶ ድንገት የለቀቀው ልጅ ከሆነ አንቲባዮቲክ ይዞ መሄድ የለበትም፤ ነገ እንደገና ይጠመዘዛል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ጉርምስና ያልደረሰ ልጅ ቆለጥ ትንሽ ነው፣ ፍሰቱም ደካማ ነው፤ በደህናውም ላይ ቀለም ላይታይ ይችላል። በሁለቱም ላይ ካልታየ መልሱ «አልታወቀም» ነው እንጂ «ሁለቱም ተጠምዝዘዋል» ወይም «ሁለቱም ደህና ናቸው» አይደለም።

በመፈንዳት በኩል ማሽኑ የተሻለ ይረዳችኋል። ነጩ መስመር ተቋርጦ ከታየ፣ የቆለጡ ቅርጽ ተበላሽቶ ዳሩ ከተንጋደደ፣ ውስጡም ወጥነቱን አጥቶ ዥጉርጉር ካለ፣ ፈንድቷል ብላችሁ ያዙት። ዥጉርጉር የሆነው ቦታ ላይ ቀለም ከሌለ ወይ ደም ቋጥሯል ወይ ሥጋው ሞቷል። ትኩስ ደም ግን ያታልላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከደህናው ሥጋ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይደበቃል። የከባድ ምት ታሪክ ያለው ልጅ ምስሉ ደህና ቢመስልም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይደገምለት። በቆለጡ ዙሪያ የተጠራቀመ ደም በዝቶ ነጩን መስመር ማየት ካቃታችሁም «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ፤ «ሙሉ ነው» አትበሉ። የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ የተጠራቀመው ደም ከደህናው ቆለጥ ሦስት እጥፍ ካነሰ መጠበቅ እንደሚቻል ይናገራል፤ ከዚያ ከበለጠ ቀዶ ሕክምና ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ፕሮቡን ወደ ብሽሽት ውሰዱት። ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ የተጋጨ ወጣት የነዳጅ ታንከሩ ቆለጡን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። የእግር ወይም የዳሌ ስብራት ሲታከም ቆለጡን የሚያስታውስለት ይጠፋል።

የራዲዮሎጂ ክፍል ምርመራ

በጥራት ከአልጋ ዳሩ ይበልጣል። የሚያየው ሰው ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲሠራ የሚውል ነው፣ ማሽኑ የተሻለ ነው፣ ጊዜ ሰጥቶ ያያል። ትንንሽ ልጆች ላይ፣ የአልጋ ዳሩ «አልታወቀም» ያለበት ላይ፣ ዥጉርጉር ነገር ታይቶ ደም ይሁን ዕጢ ያልተለየበት ላይ፣ ያለ ጥርጥር ወደዚያ ሂዱ።

ጥያቄው መቼ ይደርሳል የሚለው ነው። ባለሙያው በግቢው ውስጥ ካለና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውጤት ከሰጣችሁ የአልጋ ዳሩን ዘልላችሁ ቀጥታ ወደ እሱ ብትሄዱ አልቃወምም። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይምጣ» ከተባለ ግን ለመጠምዘዝ ምርጫ አይደለም። ሲነጋ የሚገኘው ፍጹም ምስል የሞተ ቆለጥ ምስል ነው። ልጁን ወደ ውጭ የምርመራ ማዕከል ልኮ ውጤት ይዞ እስኪመለስ መጠበቅንም አልደግፍም፤ ታክሲ፣ ወረፋ፣ ክፍያ ሲደመር ሁለት ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

ሲቲ ስካን ለዚህ ጥያቄ አያገለግልም። ኤምአርአይ ነጩን ሽፋን በደንብ ያሳያል፤ ሰዓት ስለሚበላ ለድንገተኛ አይሆንም።

ምንም ሳያዩ ወደ ኦፕራሲዮን

ብዙ ወጣት ሐኪሞች ይህን እንደ መሸነፍ ያዩታል፤ ትክክለኛው ምርጫ የሆነበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ስለት ወይም ጥይት የወጋው ከረጢት አልትራሳውንድ አይጠብቅም። ድንገት የጀመረ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ከፍ ብሎ የጠጠረ ቆለጥ፣ ከ6 ሰዓት በታች ከሆነና የኦፕራሲዮን ክፍሉ ዝግጁ ከሆነ ምስሉ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ማሽኑ ፍሰት አሳየ ቢባል እንኳ ልትከፍቱት ነውና።

ዋጋው ሰመመንና ትንሽ ቁስል ነው። ተከፍቶ ደህና ሆኖ የተገኘ ልጅ በጥቂት ቀናት ይሮጣል። ሳይከፈት የቀረው ግን ቆለጡን ሊያጣ ይችላል። ሁለቱን ስመዝን ባዶ የተከፈተውን እመርጣለሁ፤ ለወላጆችም አስቀድሜ «ከፍተን ደህና ሆኖ ብናገኘው ደስታችን ነው» እላቸዋለሁ። ተጠምዝዞ ከተገኘ ሁለቱም ቆለጦች እንዲሰፉ አትርሱ፤ ቆለጡ እንደ ደወል ምላስ ተንጠልጥሎ እንዲዞር የሚያደርገው አፈጣጠር ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል አለ።

በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎቻችን አይኢኤስኦ የምንላቸው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ። ዩሮሎጂስት የለም ብላችሁ ሪፈር ከመጻፋችሁ በፊት እነሱን ጥሩ። ለመጠምዘዝ የቀረበው እጅ ከተራቀቀው እጅ ይሻላል።

ሪፈርና በእጅ መፍታት

ኦፕራሲዮን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ከሆነ ልጁን አምቡላንስ እስኪነሳ ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት። መጠምዘዝ መሆኑን ካመናችሁና መፈንዳት የማይጠረጠር ከሆነ ማስታገሻ ሰጥታችሁ በእጅ መፍታትን ሞክሩ። መጽሐፍ እንደ መግለጥ ነው፤ ቆለጡን ከመሃል ወደ ጭኑ አዙሩት፣ አንዳንዴ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ ይፈልጋል። ሕመሙ ከባሰ ወደ ተቃራኒው ሞክሩ፤ ከሦስት አንዱ ያህል በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመዘዘ ነውና። ፕሮቡ እጃችሁ ላይ ካለ ውጤቱን እዚያው ታያላችሁ፤ ጭው ብሎ የነበረው ቆለጥ ቀለም ሲሞላው ማየት ልብ ያረካል። የተፈታውም ቢሆን መስፋት ያስፈልገዋልና ጉዞው አይቀርም። ከባድ ምት ከሆነ ደግሞ በእጅ ለመፍታት አትሞክሩ፤ የተቀደደውን ታባብሱታላችሁ።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን በጥንቃቄ ጻፉ። «10:00» ብሎ የጻፈ ሰው የእኛን የቀኑን 10 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ብሎ ሊወስደው ይችላል፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፣ የአንድ ቆለጥ ዕድሜ። «ሕመሙ የጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ይህ ሲጻፍ ከጀመረው 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኖታል» ብላችሁ አብራሩት። ከመላካችሁም በፊት ደውሉ።

የትኛው ማሽን?

ብዙ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ያለው አልትራሳውንድ ለነፍሰ ጡር እናቶች የመጣው ነው፤ ፕሮቡ ፊቱ ጎበጥ ያለው ኮንቬክስ ነው። ጥልቅ ለማየት የተሠራ ስለሆነ ከቆዳ ሥር ቅርብ ያለውን ቆለጥ አደብዝዞ ያሳየዋል፣ ዶፕለሩም ቀጭኑን ፍሰት አይይዝም። በእሱ «ፍሰት የለም» ብላችሁ አትፍረዱ፤ ትልቅ የደም ክምችት መኖሩን ለማየት ግን ይረዳል። ለቆለጥ የሚሆነው ፊቱ ቀጥ ያለው ሊኒየር ፕሮብ ነው፤ ከ7.5 ሜጋኸርዝ በላይ፣ 10 ወይም 12 ቢሆን ይመረጣል። ለአንገትና ለጡት የሚጠቀሙበት እሱው ነው፤ ሆስፒታላችሁ ውስጥ ኬዝ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ቀን ላይ ፈልጋችሁ አግኙት።

እንደ በተርፍላይ አይኪውና ሉሚፋይ ያሉ ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር የሚሠሩት መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራሉ፣ አምቡላንስ ውስጥ ይገባሉ። ነጩን ሽፋን ለማየት ይበቁኛል። ዝግተኛ ፍሰትን በመያዝ ግን ጥሩ ሊኒየር ያለው ጋሪ ላይ የተቀመጠ ማሽን ይበልጣቸዋል፤ ሁለቱም ካሉ ለመጠምዘዝ ጋሪውን ግፉ። በእጅ የሚያዘው ብቻ ካለ ደግሞ ከምንም ይሻላል፣ ተጠቀሙበት።

ታዲያ ለዚያ ልጅ?

ወደ 13 ዓመቱ ልጅ ልመለስ። ሕመሙ ከጀመረው 4 ሰዓት ሆኖታል፣ ተመትቷል፣ አስመልሷል፣ ከረጢቱ አብጧል፤ ራዲዮሎጂስት የለም፣ ቀዶ ሐኪም በስልክ አለ። መጀመሪያ ስልኩን አነሣለሁ፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ቀዶ ሐኪሙ መንገድ ይጀምራል። ከዚያ የአልጋ ዳሩን እመርጣለሁ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ሰጥቼ። በታመመው በኩል ቀለም ከሌለ ወይም ካነሰ፣ ነጩ መስመር ከተቆረጠ፣ ወደ ኦፕራሲዮን። አምስት ደቂቃው አልቆ ግልጽ ነገር ካላየሁም ወደ ኦፕራሲዮን፤ ታሪኩ ያስፈራልና። ሁለቱም እኩል ቀለም ይዘው፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ፣ ሽፋኑ ሙሉ ሆኖ፣ ሕመሙም በማስታገሻ ረግቦ ካገኘሁት ብቻ አስተኝቼው በየሁለት ሰዓቱ አየዋለሁ፣ ጠዋት ራዲዮሎጂ ያየዋል።

ልጁ 8 ዓመቱ ቢሆን፣ ሕመሙ ከሁለት ቀን በፊት ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ ከላይ ጫፉ ላይ በጣት የምትነካ ትንሽ ነጥብ ብቻ ቢያመው፣ ከቆዳው ሥር ሰማያዊ ነጥብ ቢታይ፣ ምርጫዬ ይለወጣል፤ የቆለጡ ተቀጥላ (ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ሥጋ) ተጠምዝዞ ይሆናል፣ የሚፈልገው ዕረፍትና ማስታገሻ ነው። እሱን ለማረጋገጥ የራዲዮሎጂን ቀጠሮ እጠብቃለሁ።

ለወላጆች

ልጃችሁ ሆዱን አመመኝ ሲል፣ በተለይ ካስመለሰው፣ «እዚያ ጋስ ያምሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አትቆጡት፣ አትሳቁበት። ከተመታ በኋላ ሕመሙ አንድ ሰዓት ካለፈው ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ። ሻይም ወተትም አትስጡት፤ ሰመመን ሊያስፈልገው ይችላል። ወጌሻ አታሳሹት። ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ መድኃኒት ሰዓቱን ይበላዋል እንጂ የተጠመዘዘውን አይፈታም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። ልጁ ስለራሱ ቆለጥ ለእናቱ እያፈረ እንዲያስተረጉም አታድርጉት። ሐኪሙ «መቼ ጀመረ» ብሎ ሲጠይቃችሁ በዚያው አገር የሰዓት አቆጣጠር መልሱለት።

ወደ ቤት የሚሄደው ልጅ

ምርመራው ደህና ብሎት የሚሸኘውን ልጅ ለብቻው አነጋግሩት። እኔ የምለው ይህ ነው፦ «ሌሊት ሕመሙ ቢብስ እናትህን ቀስቅሳት፤ አትፈር፣ አትጠብቅ፣ እኔ ባልኖር እንኳ ተረኛው ያይሃል።» የሚደግፍ ጠበቅ ያለ ሙታንታ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ለጥቂት ቀናት ከኳስ ዕረፍት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አልትራሳውንዱ በራዲዮሎጂ ክፍል ይደገም፤ ከቆለጥ ዕጢዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙት በመመታት ምክንያት በተደረገ ምርመራ ነው። ደም የመሰለው ጥቁር ነጥብ እየጠፋ ካልሄደ ልጁ ወደ ዩሮሎጂስት መላክ አለበት፤ የመጀመሪያውን ምሽት ምስልም አብሮ ይያዝ።